ምሣር ለወደቀው ዛፍ

የዚች መጽሔት አዘጋጆች «ስለ ምን ልትጽፍ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ «ስለ ዛፍ እባጭ» አልኋቸው። ሳቁ። አንደኛው «የአርትስ ተማሪ ስለ ፍቅር ይጻፍ፣ ቢበዛ ስለ ፍትሕ ይጻፍ፤ እባጭን ግን ለሕክምና ተማሪዎች ተውላቸው» አለኝ። ቀልዱን በደስታ ተቀበልሁት፤ ሐሳቤን ግን አልለወጥሁም። የምጽፍበት እባጭ ስለ ፍትሕም ስለ ፍቅርም የሚያናግር ሆኖ አግኝቼዋለሁና አንባቢ እስከ መጨረሻው ታግሦኝ ከዚያ ይፍረድ።

ነገሩን የምጀምረው ከሄርማታ ነው። የጅማ ከተማ እንደ ዛሬው ሳትሰፋ፣ ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን በገዙበት ዘመን፣ ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932፣ ቤተ መንግሥቱ በጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ገበያው ደግሞ ከኮረብታው በታች በሄርማታ ነበር። የሐሙሱ ገበያ ዝና ከጊቤ ማዶ ይሰማ ነበር። ዛሬ ሄርማታ የሠፈር ስም ሆኖ ቀርቷል፤ መንገዱም ባጃጅ የሚተራመስበት፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደራርቦ የሚቆምበት ሆኗል። ይሁን እንጂ ጅማን ከሌላው ከተማ የሚለየው የእንጨት ሥራ አልጠፋም። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ የማያውቅ ማን አለ?

ያ በርጩማ ከአንድ ወጥ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣ ነው፤ ሚስማር የለበትም፣ ኮላ አያውቅም። እግሩ ሦስት የሆነበትም ምክንያት አለው። አራት እግር ያለው መቀመጫ ደልዳላ ባልሆነ መሬት ላይ ይንገዳገዳል፤ ሦስት እግር ያለው ግን የትም ቢያስቀምጡት ይቆማል። ጠራቢው የሚወደው እንጨት ዋንዛን ነው፤ በአፋን ኦሮሞ ዋዴሳ ይባላል። ዋንዛ ለመሮ ይታዘዛል፣ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም፣ ሲለሰልስም መልኩ ያምራል። ይኸው ዋንዛ በቆመበት ጊዜ ደግሞ የቡና ጥላ ነው፤ ነጭ አበባው የንብ ቀለብ ነው፤ ጣፋጭ ፍሬው የእረኛ መክሰስ ነው፤ ቅጠሉም ረግፎ መሬቱን ያዳብራል። ስለዚህ በቡና አገር አንድ ዋንዛ ሁለት ፈላጊ አለው። ጠራቢው ተጋድሞ ይፈልገዋል፤ ቡናው ቆሞ ይፈልገዋል። የሁለቱ ጠብ አሮጌ ነው፤ እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ከዚህ ጠብ ውስጥ የተወለደ አንድ አዲስ ጣጣ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ከግቢያችን ወጥቼ በሄርማታ በኩል ሳልፍ በአንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ መስኮት ውስጥ ገበቴ የመሰለ ትንሽ ዕቃ አየሁ። እንጨቱ እንደ ሌላው ቀጥ ያለ መስመር የለውም፤ ውኃ ሲፈላ እንደሚንተከተከው ይዞራል፤ እዚህም እዚያም እንደ ወፍ ዓይን ያሉ ጥቃቅን ነጥቦች ተበትነውበታል። እውነቱን ልናገርና ከዚያ የሚያምር የእንጨት ሥራ አይቼ አላውቅም። ገብቼ ዋጋውን ጠየቅሁ። የተነገረኝ ለአንድ ተማሪ የወር ወጪ የሚበቃ ነበር። ሻጩ መደንገጤን አይቶ «ወንድሜ፣ ይህ እኮ እባጭ ነው፤ እንደ ልብ አይገኝም» አለኝ። «ከየት ነው የመጣው?» ብለው «ከዛፍ ነዋ!» ብሎ ሳቀብኝ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። የምጠይቀው ሌላ ነበርና።

በመጀመሪያ እባጭ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ልናገር። በዛፍ ቅርፊት ሥር ቅርንጫፍ መሆን ሲችሉ ተኝተው የቀሩ ብዙ እንቡጦች አሉ። ዛፉ ሲቆስል፣ ነፍሳት ወይም ፈንገስ ሲያጠቃው፣ አንዳንድ ጊዜም በዘሩ ባለ ጠባይ፣ እነዚህ እንቡጦች ባንድ ቦታ ተሰብስበው ይበዛሉ፤ ወጥተው ቅርንጫፍ በመሆን ፋንታ እዚያው እርስ በርሳቸው ይጠላለፋሉ። ዛፉ በየዓመቱ በላያቸው አዲስ እንጨት ይደርብባቸዋል። ግንዱም በዚያ በኩል እንደ ትከሻ ያብጣል። የወፍ ዓይን ያልሁት ነጥብ እያንዳንዱ አንድ ያልወጣ ቅርንጫፍ ነው። ትልቅ እባጭ ለመሆን አሥርት ዓመታት ይፈጃል። እኛ ጌጥ ብለን በጠረጴዛ ላይ የምናስቀምጠው ዛፉ ከክፉ ዘመን ጋር ሲታገል የጻፈው ታሪክ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

እባጩን ከቆመ ዛፍ ላይ በመጋዝ ገምሶ መውሰድ ምን ያመጣል? ብዙ ሰው እንደ ጥፍር መቁረጥ ይመስለዋል። አይደለም። ቅጠል በፀሐይ ያበሰለው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ሽፋን ነው፤ እባጩ ሲነሣ ያ ሽፋን አብሮ ይነሣል። ከዚህም በላይ ዛፍ እንደ ሰው ቁስሉን አያድንም። የሰው ሥጋ ቢቆረጥ በአዲስ ሥጋ ይተካል፤ ዛፍ ግን የቆሰለውን እንጨት እንዳለ አጥሮ ይተወውና በዙሪያው አዲስ እያበቀለ ሊሸፍነው ይሞክራል። ቁስሉ ትንሽ ከሆነ ይሸፈናል። የእባጭ ቁስል ግን የገበታ ያህል ሰፊ ነው፤ ሳይሸፈን ዝናብ ይቀድመዋል፣ ከዝናቡም ጋር ብስባሽ ይገባል። ዛፉ ለጊዜው ቅጠሉን እንዳለመለመ ይቆማል፤ ያያችሁት ሁሉ ደኅና ነው ትላላችሁ። ውስጡ ግን እየተቦረቦረ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላገኘሁትም። በቤታችን የደረሰ ነው፤ ጥፋቱም የራሴ ነው።

ቤተሰቦቼ ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ማና ውስጥ ጥቂት ቡና አላቸው። በቡናው መካከል አያቴ አባቴ በተወለደ ዓመት የተከሉት አንድ ዋንዛ ነበር። ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ በግንዱ ላይ ትልቅ እባጭ ነበረበት። ልጆች ሆነን እየተንጠላጠልን እንወጣበት ነበር፤ ከላይ በቅርንጫፉ ላይ የአያቴ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። በ2013 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንድ እንጨት ነጋዴ በአይሱዙ መኪና መጣ። ስሙን አላነሣም። እባጩን አይቶ ስምንት ሺህ ብር እሰጣለሁ አለ። እኔ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ላፕቶፕ እንዲኖረኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

አያቴ አልወደዱትም። «ልጄ፣ ዛፉን አውቀዋለሁ፤ ሰውዬውን ግን አላውቀውም» አሉኝ። እኔ ተከራከርሁ። «አባባ፣ ዛፉ እኮ አይቆረጥም፤ እብጠቱ ብቻ ነው የሚነሣለት፤ እንዲያውም ይቀለዋል» አልሁ። ነጋዴውም ላዩን ብቻ እንደሚወስድ በአላህ ስም ማለላቸው። በመጨረሻ ስለ እኔ ትምህርት ሲሉ እሺ አሉ። የሞተር መጋዙ ሥራውን ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ሰውዬው እባጩ ወፍራም ሆኖ እንዲወጣለት ከግንዱ ከሲሶ የማያንስ ይዞ ገባ። አያቴ መኪናው ከሄደ በኋላ ጭቃና እበት ለውሰው ቁስሉን በእጃቸው ሲመርጉ አሁንም ይታየኛል። አንዲት ቃል አልተናገሩኝም።

በማግሥቱ ዓመት ከቁስሉ ላይ እንጉዳይ በቀለ። በሦስተኛው ዓመት ምስጥ ገባ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት በአንድ የነፋስ ሌሊት ዋንዛው ከቁስሉ ላይ ተሰብሮ ወደቀ። ሃያ ሦስት እግር ቡና አብሮ ደቀቀ፤ ቀፎው ተፈነከተ። ጥላ የነበረው ቡና በድንገት ፀሐይ ሲያገኘው ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ በሚቀጥለው መኸር የለቀምነው ያሳፍር ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ስምንት ሺህ ብሩ የእባጩ ዋጋ ነበር፤ የጥላው፣ የማሩና የቡናው ዋጋ ግን በዚያ ሒሳብ ውስጥ አልገባም ነበር። ማንም አላስገባውም፤ እኔም አላስገባሁትም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያው ላፕቶፕ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ዋንዛው በወደቀ በማግሥቱ ጎረቤት ሁሉ ምሣሩን ይዞ መጣ። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል እንደሚባለው ነው። ግንዱ ተሰንጥቆ እየተሸከሙ ወሰዱት። ከግንዱ በስተጀርባ ወደ ሥሩ ዝቅ ብሎ ሌላ እባጭ ነበር፤ ሣርና ቁጥቋጦ ሸፍኖት ማንም አላየውም ነበር። አክስቴ ፈልጣ ቡና አፈላችበት። እንግዲህ አስቡት። የቆመው ዛፍ እባጭ በስምንት ሺህ ብር ተሽጦ ዛፉን ገደለ፤ የወደቀው ዛፍ እባጭ ግን ማንንም የማይጎዳ ሆኖ ሳለ ምድጃ ገባ።

«ይህ የአንድ ቤት አደጋ ነው፤ ለአንድ ዛፍ ይህን ያህል ቀለም ማፍሰስ ምን ይባላል?» የሚለኝ ይኖራል። ታሪክ ግን አንድ ዛፍ አንድ ሆኖ እንደማይቀር ያስተምራል። የሮም ባለጸጎች ከሰሜን አፍሪካ አትላስ ተራራ ከሚመጣ እንጨት በተሠራ ጠረጴዛ ያበዱ ነበር። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የጻፈው ፕሊኒ እንደሚነግረን ለዚህ ጠረጴዛ እጅግ የሚወደደው ክፍል ከሥሩ ላይ የሚያብጠው እባጭ ነበር። ታላቁ ተናጋሪ ሲሴሮ ለአንድ ጠረጴዛ ግማሽ ሚሊዮን ሴስተርስ ከፈለ ይላል። በንግግሩ የሮምን ምዝበራ ያወገዘው ሲሴሮ መሆኑን ልብ በሉ። ከዚያው ጸሐፊ የምናገኘው ሌላው ነገር ግን ከዋጋው ይልቅ ያስደነግጣል፤ ከሁሉ የተመሰገነውን እንጨት ይሰጥ የነበረው አንኮራርዮስ የተባለ ተራራ በእርሱ ዘመን ተሟጥጦ አልቆ ነበር። ተራራ ለጠረጴዛ አለቀ!

ያ ዛፍ ዛሬ ቱያ ይባላል፤ በሞሮኮ አሁንም አለ፤ የኤሳዊራ ከተማ ጠራቢዎች ከእባጩ ሣጥንና ጠረጴዛ ይሠራሉ። እባጩ ከመሬት በታች በሥሩ አንገት ላይ ያለ ነውና እርሱን ለማውጣት ጉቶው ከነሥሩ ይቆፈራል። ቱያ ቢቆረጥ ከጉቶው እንደገና የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ነበር፤ ጉቶው ከተነቀለ ግን ከምን ያቆጥቁጥ? በአሜሪካም በካሊፎርኒያ ሬድውድ የሚባሉት፣ ከዓለም ዛፎች ሁሉ በቁመት የሚበልጡት አሉ። ሌቦች በሌሊት በሞተር መጋዝ እባጫቸውን ከቆሙበት እየገመሱ ስላስቸገሩ የፓርኩ አስተዳደር በ2006 ዓ.ም. በደኑ መካከል የሚያልፈውን መንገድ ሌሊት ሌሊት ለመኪና እስከ መዝጋት ደርሷል። ጥበቃ ባለበት በሀብታም አገር እንዲህ ከሆነ፣ ጠባቂው አንድ ሽማግሌ በሆነበት በማና ምን ይሆናል?

በእኛም ተራሮች ላይ ምሳሌ አለ። በባሌና በስሜን ከፍታዎች የሚበቅለውን አስታ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ያው ዛፍ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያም ይበቅላል፤ አውሮፓውያን የሚያጨሱበት ዝነኛ ፒፓ የሚጠረበው ከአስታ ሥር እባጭ ነው። እሳት በቀላሉ አያቃጥለውምና ነው የመረጡት። በባሌ እረኞች ለግጦሽ ብለው አስታውን ሲያቃጥሉት ላዩ አመድ ይሆናል፤ ዳሩ ግን በመሬት ውስጥ የተቀመጠው እባጭ ስንቁን ይዞ ይቆያልና ከዚያ እንደገና ያቆጠቁጣል። ለእኛ ጉድለት የሚመስለን እብጠት ለአስታው የክፉ ቀን ጎተራው ነው። ጎተራ የሚሸጥ ገበሬ ምን እንደሚደርስበት ለእናንተ አልነግርም።

ሕግ የለም ወይ ለሚለኝ፣ አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን በስም ለይቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ይከለክል ነበር። ያ አዋጅ በ1999 ዓ.ም. በቁጥር 542፣ እርሱም በ2010 ዓ.ም. በቁጥር 1065 ተተክቷል። የመጨረሻው አዋጅ ከመንግሥት ደን ሌላ የግል፣ የማኅበረሰብና የማኅበር ደንንም ያውቃል። ዳሩ ግን በሕዝብ አእምሮ ውስጥ ሕጉ የሚከለክለው መቁረጥን ነው። እባጭ የሚገምሰው ሰው «ዛፉን መች ቆረጥሁት? ይኸው ቆሟል!» ይላል። እኔም ለአያቴ ያልኋቸው ይህንኑ ነበር። ስለዚህ ከሕጉ በፊት መታረም ያለበት ይህ አስተሳሰብ ነው፤ ሦስት ዓመት ቆይቶ የሚወድቅ ዛፍ በዚያው ቀን ተቆርጧል።

ታዲያ እባጭ አይሠራበት ልል ነውን? አይደለም። እንዲያ ብል የሄርማታን ጠራቢ እንጀራ መንጠቅ ይሆንብኛል፤ ፕላስቲክ ወንበሩም ብቻውን ይነግሣል። በዚህ ጉዳይ አንድ ሽማግሌ ጠራቢ ዘንድ ሄጄ ነበር። የቤታችንን ታሪክ ስነግራቸው መሮአቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። «ልጄ» አሉኝ፤ «እኔ የቆመውን ገምሱልኝ ብዬ አላውቅም። እርጥብ እባጭ ሥራ ያበላሻል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የሞተው ይሻለኛል። ግን የወደቀውን ማን ያመጣልኛል? ምድጃ ይቀድመኛል።»

ከዚህ ንግግር የበለጠ ጉዳዩን የሚገልጥ አላገኘሁም። ጠራቢው የወደቀውን ይፈልጋል፤ የወደቀው ዛፍ ባለቤት ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ሁለቱ ግን አይገናኙም። በመካከላቸው ያለው ነጋዴ የሚያውቀው የቆመውን ብቻ ነው፤ ከመንገድ ላይ ሆኖ የሚታየው እርሱ ነውና። ዕውቀት የጎደለው በዚህ ቦታ ነው፤ ተማሪ ከተባልን ደግሞ ድርሻችን ዕውቀት ማድረስ ነው።

እኔ በበኩሌ ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የወደቀውን ከምድጃ እንቅደም። በየክረምቱ በነፋስ የሚወድቀው፣ ለመንገድና ለሕንፃ ሲባል የሚነሣው ዛፍ ጥቂት አይደለም፤ በግቢያችንም ግንባታ ሲኖር የምናየው ነው። የተማሪዎች ማኅበራችን አንድ የቴሌግራም ገጽ ቢከፍትና ከማና፣ ከጎማ፣ ከሊሙ፣ ከገራ የመጣን ልጆች ሁሉ በመንደራችን ዛፍ ሲወድቅ ፎቶግራፉን ብንልክበት፣ ጠራቢው ባንድ ቀን ይሰማል። ለዚህ የሚያስፈልገው የሞባይል ካርድ ብቻ ነው። ለቤተሰቦቻችንም አያያዙን እንንገራቸው። እባጭ ሲገኝ ከዙሪያው ካለው ግንድ ጥቂት አስተርፎ መቁረጥ፣ የተቆረጠውን ፊት በሰም መቀባት፣ ከፀሐይ አርቆ በጥላ ማስቀመጥ ነው። ውኃው ቀስ እያለ ከወጣ አይሰነጠቅም። እንዲህ የተያዘ አንድ እባጭ ከአንድ ሸክም ማገዶ እጅግ የበለጠ ዋጋ ያወጣል።

ሁለተኛ፣ የወደቀ መሆኑ ይመስከርለት። «ሌባ ሁሉ ከወደቀ ነው ያገኘሁት ማለቱ መች ይቀራል?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ዛፍ በድብቅ አይወድቅም፤ ጎረቤት ሁሉ ምሣር ይዞ የመጣበት ነገር ነው። ቀበሌው አንዲት ወረቀት ሊጽፍ ይችላል። በበለጠ ገራ ደን ዙሪያ ገበሬዎች ደኑን ለማስተዳደር ዋቡብ በሚባል ማኅበር ተደራጅተው ከጃፓን የልማት ድርጅት ጋር ሲሠሩ እንደ ነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሥራው በ1996 ዓ.ም. የተጀመረ ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር ባለበት ቦታ ዛፉ መውደቁን ማኅበሩ ቢመሰክር ማንም አይጠራጠርም። ያ ወረቀት ዕቃውን ተከትሎ ሱቅ ድረስ ይምጣ። አዲስ አበባ የሚኖር ገዢ ስለ ጅማ ቡና መነሻ የሚጠይቅ ከሆነ ስለ ጅማ እንጨት መነሻ የማይጠይቅበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛ፣ ከሁሉም የሚቀለው፣ እንጠይቅ። በምረቃ ሰሞን ስጦታ የምንገዛው እኛ ነን። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠን የጠረጴዛ ጌጥ የምናዝዘውም እኛ ነን። የሲሴሮ ስሕተት ጠረጴዛ መውደዱ አልነበረም፤ ውብ ነገር መውደድ ኃጢአት አይደለም። ስሕተቱ ከየት መጣ ብሎ አለመጠየቁ ነው። ሻጭ አንድ ጊዜ ቢጠየቅ ይስቃል፤ አሥር ጊዜ ቢጠየቅ ግን ነጋዴውን ይጠይቃል፤ ነጋዴውም መልስ እንዲኖረው የወደቀ ዛፍ መፈለግ ይጀምራል።

አንድ የሚቀር ተቃውሞ አለ፤ ከሁሉም የሚከብደው እርሱ ነው። «ገበሬው በገዛ ዛፉ ቢያዝዝ አንተ ምን አገባህ? ልጁን ማስተማሪያ ከየት ያምጣ?» የሚል ነው። ይህን የሚለኝን ሰው አከብረዋለሁ፤ እኔም በዚህ ገንዘብ ከተጠቀሙት ልጆች አንዱ ነኝና። በገበሬው ላይ ፖሊስ ይላክ አላልሁም። ሒሳቡን ሙሉ ይወቀው ነው የምለው። በእኛ ጓሮ የተደረገው ውል ግማሽ ሒሳብ ነበር። ነጋዴው የሚያገኘውን ያውቅ ነበር፤ አያቴ የሚያጡትን በግምት ያውቁት ነበር፤ የተማርሁት እኔ ግን ሁለቱንም አላወቅሁም፤ የተከራከርሁትም እኔ ነበርሁ። ፊደል የቆጠረ ሰው ያላወቀውን ሲከራከር ያላነበበ ሽማግሌ ይረታለታል። ይህ በዛፍ ብቻ የደረሰ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ እባጩ ስለ ፍትሕ ያናግራል ያልሁት።

ባለፈው ሐምሌ ከአያቴ ጋር በወደቀው ዋንዛ ቦታ አካባቢ አራት የዋንዛ ችግኝ ተክለናል። አንዱን ፍየል በላው፤ ሦስቱ ደኅና ናቸው፤ ቁመታቸው ገና ከጉልበቴ አላለፈም። አያቴ ስለ ላፕቶፑ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ስለ ትምህርቴ ግን ሁልጊዜ ይጠይቁኛል።

በሚመጣው ሐሙስ እንደገና ወደዚያ ሱቅ እሄዳለሁ። ሻጩ «ከዛፍ ነዋ!» ብሎ እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ። «ከቆመው ነው ከወደቀው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ከእናንተ መካከል ከእኔ ጋር ሄዶ የሚጠይቀው ቢገኝ፣ ከምሳ በኋላ በግቢው በር ላይ እጠብቃለሁ።